ካርቶን የሌለው ኤንትሬ

ጤና ይስጥልኝ፤ አሰላሙ ዐለይኩም። አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድም እህቶቼ፣ ከኋላ ቆማችሁ ጠረጴዛውን በዓይናችሁ የምትበሉ ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

እኔ በዚህ ዕድሜዬ የልጆች መኪና እሰበስባለሁ። ሰፈር ውስጥ «ምን ነካው?» እንደምባል አውቃለሁ። ባለቤቴ እንዳትቆጣ ግማሹን አልጋ ሥር ነው የማስቀምጠው። ዛሬ ሁሉንም አውጥቼዋለሁ፤ መቼም በሰው ፊት አትቆጣኝም።

ነገሩ የጀመረው የእናቴን ቤት ስናድስ ነው። ቆጥ ላይ ከነበረ ሳጥን አንዲት የብረት መኪና ወጣች። ቀለሟ ረግፏል፤ አንድ ጎማዋ የለም። ገልብጬ ሆዷን ሳይ «ማችቦክስ፣ ሌስኒ፣ እንግሊዝ አገር የተሠራ» ይላል። ወዲያው አወቅኋት። አጎቴ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። ያኔ ከባድ መኪናው ሁሉ ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ ይወርዳል፤ እሱም ከአንዱ ጉዞ ሲመለስ ነው ያመጣልኝ።

ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። ሌስኒ እ.ኤ.አ. በ1947 ለንደን ውስጥ የተቋቋመ ድርጅት ነበር። ከባለቤቶቹ አንዱ ጃክ ኦዴል ሴት ልጅ ነበረችው። ትምህርት ቤቷ ከክብሪት ሳጥን የሚበልጥ መጫወቻ አያስገባም። አባትየው ምን አደረገ? ከነሐስ ትንሽዬ የመንገድ መዳመጫ ሠርቶ በክብሪት ሳጥን አድርጎ ሰጣት። ማችቦክስ ማለትም የክብሪት ሳጥን ነው፤ መኪኖቹ በዚህ ስም እ.ኤ.አ. በ1953 ገበያ ወጡ፤ ድርጅቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982 ከሰረ። ዛሬ ሰብሳቢዎች የእያንዳንዷን መኪና ቁጥር፣ ቀለም፣ የጎማ ዓይነት ሳይቀር መዝግበው ይዘዋል። ካርቶኗ ያልተቀደደ ከሆነማ ዋጋዋ አይቀመስም። ልጅ ያልነካው መጫወቻ ሲወደድ፣ እውነቴን ነው፣ እኔን ያሳዝነኛል።

አሁን ወደዚህኛው ጠረጴዛ ዞር በሉልኝ። የብረት መኪና የነበረን ስንቶቻችን ነን? ደሴ ሙሉ የነዳው የሽቦ ኤንትሬ ነው። እውነተኛው ኤንትሬ፣ ፊያት 682 የሚባለው የጣሊያን ከባድ መኪና፣ ተሳቢውን ጎትቶ የሀረጎን ዳገት ሲወጣ ከሩቅ በድምፁ እንለየው ነበር። አይተን እንመጣና እንሠራዋለን። ሽቦው ከአጥር ነው፤ የማን አጥር እንደሆነ አትጠይቁኝ። ጎማው ካለቀ ነጠላ ጫማ ይቆረጣል። ጋቢናው የዘይት ቆርቆሮ ነው።

ይቺን ተመልከቱ። የፊት አክሰሏ መሃል ላይ ቀለበት አላት። ረጅሙ የመሪ ሽቦ በቀለበቷ አልፎ ታች ይታጠፋል። ልጁ ቆሞ፣ መሪውን ደረቱ ላይ ይዞ እየሮጠ ሲጠመዝዝ ጎማው አብሮ ይዞራል። በር አላት፤ ማጠፊያው ከሽቦ ነው፤ ይከፈታል። ከኋላ ከከመነዳሪ የተቆረጠ የጭቃ መከላከያ ተንጠልጥሎላታል። ይህን የሠራው ልጅ ፋብሪካ አልነበረውም። ያለችው ፒንሳ ናት፤ እሷ ከጠፋች ጥርሱ።

ግን ከሥሯ ያለውን ወረቀት አንብቡ፤ «ሠሪው ያልታወቀ» ይላል። ማችቦክስ ስንት መዝገብ አለው፤ የእኛ ኤንትሬ ግን ሲዝግ ለቁራሌው ይሰጣል፤ አለቀ። ስለዚህ ዛሬ የምለምናችሁ ገንዘብ አይደለም። ቤታችሁ ቆጥ ላይ፣ ጓዳ ውስጥ ካለ አምጡልኝ። የማን እጅ እንደሠራው፣ በየትኛው ሰፈር፣ ሽቦው ከየት እንደመጣ ንገሩኝ፤ እጽፈዋለሁ። ዕቃው ባይኖር እንኳ አሠራሩን የምታስታውሱ አላችሁ። እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጣችሁ ጋሼዎች፣ ዝም ብላችሁ ነው እንጂ አውቃችኋለሁ።

በስተጀርባ ሽቦ፣ ቆርቆሮና አሮጌ ነጠላ ጫማ አዘጋጅተናል። ልጆቹ እየጠበቁ ነው፤ ጋሼዎች ተነሡና አሳዩአቸው። የሽቦ መኪኖቹን አንሡ፣ ንዱ፣ ቢጣመሙም እናቃናቸዋለን። ፒንሳው ሁለት ብቻ ስለሆነ ግን በተራ በተራ።