የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ኦሴር እና 44 ዓመት የቆየው አሰልጣኝ

ባለፈው ሳምንት ስለ ፈረንሳዩ ክለብ ኦሴር አሰልጣኞች፣ በተለይም 44 ዓመት ስለቆየው ጊ ሩ ስናወራ ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። ሰዓቱ አልቆብኝ በችኮላ ያለፍኳቸውን ጥያቄዎች ጭምር እዚህ በጽሑፍ መልሻለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከሐዋሳ የደወለ አድማጭ፦ «በአንድ ክለብ ረጅም ጊዜ የሠራው ፈርጉሰን አይደለም እንዴ? 44 ዓመት ያልከው እውነት ነው?»

እውነት ነው። ፈርጉሰን በማንቸስተር ዩናይትድ 26 ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ቆየ። ቬንገር በአርሰናል 22 ዓመት ሠራ። ጊ ሩ ግን ኦሴርን የያዘው በ1961 ነው፤ የተሰናበተው በ2005። ሲጀምር ገና የ22 ዓመት ልጅ ነበር። ራሱ እየተጫወተ ያሠለጥን ነበር። በመሃል ክፍተት መኖሩን አልደብቅም። ከ1962 እስከ 1964 ለውትድርና አገልግሎት ሄዷል። በ2000 ደግሞ በቃኝ ብሎ አንድ የውድድር ዘመን አርፏል።

እኔን ከዓመቱ ብዛት በላይ የሚገርመኝ የተነሳበት ቦታ ነው። ፈርጉሰን ሲመጣ ማንቸስተር ዩናይትድ ስም ያለው ክለብ ነበር። ሩ የተረከበው በክልል ሊግ የሚጫወት አማተር ቡድን ነው። ክለቡን በ1905 ያቋቋሙት አቤ ዴሻምፕ የተባሉ የካቶሊክ ቄስ ናቸው። ስታዲየሙ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። ኦሴር በቡርጎኝ አካባቢ ያለች፣ 35 ሺህ ገደማ ሕዝብ የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ናት። ሩ ይህን ቡድን በ1970 ወደ ሦስተኛ ዲቪዚዮን፣ በ1974 ወደ ሁለተኛ፣ በ1980 ወደ አንደኛ አሳደገው። ገና ሁለተኛ ዲቪዚዮን እያለ፣ በ1979፣ የፈረንሳይ ጥሎ ማለፍ ፍጻሜ ደርሶ በጭማሪ ሰዓት በናንት 4 ለ 1 ተሸንፏል።

እንዴት ሳይባረር ቆየ ካላችሁኝ፣ መልሱ ያለው ፕሬዝዳንቱ ወንበር ላይ ነው። ዣን ክሎድ ሃሜል ክለቡን ከ1963 እስከ 2009 መርተዋል። 46 ዓመት! አዲስ ፕሬዝዳንት ሲመጣ ብዙ ጊዜ የራሱን አሰልጣኝ ይዞ ይመጣል። ኦሴር ውስጥ ወንበሩን የሚለውጥ ሰው አልመጣም። የሩ ስም ሲነሳ የሃሜል ስም አብሮ አለመነሳቱ ሁልጊዜ ያናድደኛል።

ከአዳማ፦ «የተጫዋቾቹን መኪና ይፈትሽ ነበር የሚባለው ወሬ ነው ወይስ እውነት?»

በፈረንሳይ እግር ኳስ ውስጥ በደንብ የታወቀ ነገር ነው። ፓሪስ ከኦሴር 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ማታ ሄዶ ጠዋት ለልምምድ መመለስ ይቻላል። ሩ ታዲያ የመኪናቸውን ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ያይ ነበር። ማታ ያየው ቁጥር ጠዋት ላይ 340 ጨምሮ ካገኘው፣ ልጁ የት እንዳመሸ መጠየቅ አያስፈልገውም።

ይህን ጭካኔ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልልም። ከአካዳሚው ልጆች ብዙዎቹ ገና በለጋ ዕድሜያቸው ከቤተሰብ ተለይተው የመጡ ናቸው። ኤሪክ ካንቶና ከማርሴይ ሲመጣ 15 ዓመቱ ነበር። በዚያ ዕድሜ የሚቆጣጠር ሰው ያስፈልጋል።

የአርሰናል ደጋፊ ነኝ ያለ፣ ከሪያድ የደወለ ወንድማችን፦ «በሜዳችን ያሸነፈን ቡድን የእሱ ነበር?»

የእሱ ነበር። ጥቅምት 2002፣ ሻምፒዮንስ ሊግ፣ የአርሰናል የቀድሞ ሜዳ ሃይበሪ። ኦሊቪየ ካፖና ካሊሉ ፋዲጋ አገቡ፣ ካኑ አንድ መለሰ፣ 2 ለ 1 አለቀ። ሩ ከአንድ ዓመት ዕረፍት በኋላ በ2001 ተመልሶ፣ ጂብሪል ሲሴን የመሰሉ ያሳደጋቸውን ልጆች ይዞ በሊጉ ሦስተኛ በመውጣት ነው ያን ውድድር ያገኘው።

ከባሕር ዳር፦ «ገንዘብ የሌለው ክለብ በ1996 እንዴት ሊጉን በላ? ለምንስ አልደገመውም?»

ሊጉን ብቻ ሳይሆን ጥሎ ማለፉንም ነው የወሰደው። ሁለቱንም በአንድ ዓመት!

ኦሴር ተጫዋች መግዛት ስለማይችል ያሳድግ ነበር። አካዳሚው በ1982 ተከፈተ። ባዚል ቦሊ፣ ካንቶና፣ ኮካር፣ ዲዮሜድ፣ በኋላም ሲሴና ሜክሴስ ከዚያ ወጡ። የሚገዛ ከሆነም ርካሽ ወይም ሌሎች ያልፈለጉትን ሰው ነበር የሚያመጣው። ታሪቦ ዌስትን ገና ስም ሳይኖረው ከናይጄሪያ አመጣው። ሎራን ብላን ደግሞ በ1995 ከሴንት ኤቲየን መጥቶ የተከላካዩ ክፍል መሪ ሆነ።

አጨዋወቱም አይለዋወጥም ነበር። 4-3-3፣ ሁለት የክንፍ ተጫዋቾች፣ ከኋላ ሰው በሰው መያዝ። ሌሎቹ አሰልጣኞች ወደ ዞን መከላከል፣ ማለትም ሰውን ሳይሆን ቦታን ወደ መጠበቅ፣ ሲሄዱ ሩ የራሱን መንገድ አልተወም። ኋላ ቀር ብለውታል። ጥቅሙ ግን ግልጽ ነው። የ16 ዓመቱ ልጅ አካዳሚ ውስጥ የሚማረውና ዋናው ቡድን የሚጫወተው አንድ ስለሆነ፣ ልጁ ሲያድግ አዲስ ነገር መማር አይጠበቅበትም።

ያልደገመውም በገንዘብ ምክንያት ነው። የቦስማን ውሳኔ የወጣው ታኅሣሥ 1995 ነበር። ውሉን የጨረሰ ተጫዋች ያለ ዝውውር ክፍያ መሄድ ቻለ፤ በአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ቁጥር ላይ የተጣለው ገደብም ተነሳ። ለሀብታም ክለቦች በር ተከፈተላቸው። በ1996 ክረምት ብላን ወደ ባርሴሎና፣ ኮረንታን ማርቲንስ ወደ ዴፖርቲቮ ሄዱ። በዓመቱ ዌስት ወደ ኢንተር፣ ሙሳ ሳይብ ወደ ቫሌንሲያ አመሩ። ዓመታት ፈጅቶ የተሠራ ቡድን በሁለት ክረምት ተበተነ። ይህን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

ከዋሽንግተን፦ «ሩ ሲሄድ ክለቡም አብሮት ወደቀ ይባላል። ትስማማለህ?»

አልስማማም። ሩ የሄደው ሰኔ 2005 ላይ፣ በፍጻሜው ሴዳንን 2 ለ 1 አሸንፎ አራተኛውን የፈረንሳይ ጥሎ ማለፍ ዋንጫ ባነሳ ማግስት ነው። የቀድሞው የፈረንሳይ ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ዣክ ሳንቲኒ ተካው፤ አንድ ዓመት ሠርቶ ሄደ። ከዚያ ዣን ፈርናንዴዝ መጣ። አምስት ዓመት ተሰጠው። በ2010 ሦስተኛ ወጣ፣ በሻምፒዮንስ ሊግ የሩሲያውን ዜኒት ጥሎ ከሪያል ማድሪድ፣ ከሚላንና ከአያክስ ምድብ ገባ። ይህ የወደቀ ክለብ ነው?

ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። ሃሜል በ2009 ወረዱ። በሁለት ዓመት ውስጥ የፕሬዝዳንቱ ወንበር እንደገና ሰው ለወጠ። ፈርናንዴዝ በ2011 ሄደ። ሎራን ፉርኒየ ተሾመ፣ መጋቢት 2012 ተባረረ። ዣን ጊ ዋለም ለማዳን ገባ፣ አልቻለም። ክለቡ 32 ተከታታይ የውድድር ዘመናት ከቆየበት አንደኛ ዲቪዚዮን ወረደ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ካዞኒ፣ ቫኑኪ፣ ዢሎ፣ ኮሬያ እያለ አሰልጣኝ ሲፈራረቅበት ኖረ።

ስሙን ያልነገረን አድማጭ፦ «ሌላ ክለብ አሠልጥኖ አያውቅም?»

በ2007 ላንስን ይዞ ነበር። 68 ዓመቱ ስለነበር ለአሰልጣኞች ከተቀመጠው የዕድሜ ገደብ ጋር ሌላ ጣጣ ተነስቶ ነበር። አራት የሊግ ጨዋታ ብቻ መርቶ፣ በስትራስቡርግ ሜዳ በዕረፍት ሰዓት ሥራውን ለቀቀ።

ከመቀሌ፦ «አሁን ከክለቡ ምን እንጠብቅ?»

ዣን ማርክ ፉርላን ከ2019 ጀምሮ ሠርቶ፣ በ2022 ሴንት ኤቲየንን በመለያ ምት አሸንፎ ክለቡን ወደ ሊግ 1፣ ማለትም ወደ ቀድሞው አንደኛ ዲቪዚዮን፣ መለሰ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ተሰናበተ። የተካው ክሪስቶፍ ፔሊሲየ በመጨረሻው ቀን በላንስ ተሸንፎ በ2023 ወረደ። በሌላ ክለብ ቢሆን በማግስቱ ዕቃውን ያስጠቀልሉት ነበር። ኦሴር ግን አላሰናበተውም። በ2024 የሁለተኛው ሊግ ሻምፒዮን ሆኖ ተመለሰ፣ በተከታዩ ዓመት ሊግ 1 ላይ 11ኛ ወጣ።