ጎንጉ ሲመታ «አንድ» አይባልም

ዳዊት፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። እንደተለመደው እኔ ከአዲስ አበባ፣ ማኅሌት ከአሜሪካ። እዚያ ሌሊት ነው አይደል?

ማኅሌት፦ ሌሊት ነው። ጎረቤት እንዳልቀሰቅስ ቀስ ብዬ ነው የማወራው።

ዳዊት፦ ባለፈው «የእስያ ሙዚቃ እየተማርኩ ነው» ብለሽ ሳትጨርሺው ሄድሽ። ዛሬ አትለቀቂም።

ማኅሌት፦ መጀመሪያ ራሴን ላርም። «የእስያ ሙዚቃ» የሚለው የኮርሱ ስም ነው እንጂ እንደዚያ የሚባል አንድ ሙዚቃ የለም። የሞንጎልያን የጉሮሮ ዜማና የህንድን ራጋ በአንድ ማሰር፣ ሽሮና ኩስኩስን «የአፍሪካ ምግብ» ብሎ እንደመዝጋት ነው። እኔ በደንብ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ ጋምላን። የኢንዶኔዥያ ነው፣ በተለይ የመካከለኛው ጃቫ።

ዳዊት፦ እኔ ፈልጌ ሰማሁት። እውነቱን ልናገር? የድግስ ማግስት ብረት ድስት የሚታጠብ መሰለኝ።

ማኅሌት፦ (ሳቅ) አይዞህ፣ እኔ ከዚያ የባሰ ነው የጻፍኩት። የመጀመሪያው የቤት ሥራ «የሰማችሁትን በ2 ገጽ ግለጹ» የሚል ነበር። እኔ ደግሞ ጎበዝ ተማሪ ነኝ ብዬ «ነፍስን የሚያረጋጋ፣ ምስጢራዊ፣ ራሱን የሚደጋግም ሙዚቃ» ብዬ አሳምሬ ጻፍኩ። መምህሬ «ምስጢራዊ» የሚለውን አክብቦ ጎኑ ላይ ምን አለ መሰለህ? «ለማን?»

ዳዊት፦ ኧረ!

ማኅሌት፦ በቃ ያቺ ብቻ። ሁለት ቀን አበሸቀችኝ። በኋላ ሳስበው ግን እውነቱን ነው። ለሚጫወቱት ሰዎች ምኑም ምስጢር አይደለም። እኔ የጻፍኩት ስለ ጋምላን ሳይሆን ስለ ራሴ አለማወቅ ነው። አንድ ፈረንጅ መሲንቆ ሰምቶ «የሚያለቅስ ባለአንድ ክር መሣሪያ» ብሎ ቢጽፍ አንተ ምን ትላለህ?

ዳዊት፦ «ሂድና አዝማሪ ቤት አምሽተህ ና» ነዋ የምለው። ሆዱን ይዞ ሲስቅ ነው የሚያድረው እንጂ ምን ያስለቅሰዋል!

ማኅሌት፦ አየህ። ግጥሙ ካልገባው፣ ተቀባዩ ማን እንደሆነ ካላወቀ፣ የሚቀረው የክሩ ድምፅ ብቻ ነው።

ዳዊት፦ እሺ፣ ጋምላን ራሱ ምንድን ነው? አንድ መሣሪያ ነው?

ማኅሌት፦ አይደለም፣ ሙሉ ስብስቡ ነው ጋምላን የሚባለው። አብዛኛው ነሐስ ነው። ሳሮን የሚባል አለ፣ ወፍራም የነሐስ ቁልፎች በሣጥን ላይ ተደርድረው በመዶሻ የሚመቱ። ቦናንግ አለ፣ ትንንሽ ድስት የሚመስሉ ጎንጎች፣ ማለትም የሚመቱ ክብ ነሐሶች፣ በረድፍ የተቀመጡበት። አንተ ድስት ያልከው እሱን ይሆናል። ከንዳንግ ከበሮው ነው። ረባብ ደግሞ ባለሁለት ክር ነው፣ በደጋን የሚጫወቱት፤ ለኛ ሰው ቶሎ የሚገባው እሱ ነው። ዘፋኞችም አሉ። ከሁሉም ኋላ ትልቁ ጎንግ ይሰቀላል፣ ጎንግ አግንግ።

ዳዊት፦ «ጎንግ» ያልነው ቃል ከዚያው ነው እንዴ?

ማኅሌት፦ አዎ፣ ከጃቫና ከማላይ ቋንቋ ነው ዓለምን የዞረው። እንግዲህ ልምምድ ስንገባ ጫማ ይወልቃል። እሱ አልከበደኝም፣ ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ምን ይከብደዋል። ያጠፋሁት ሌላ ነው። ቦታዬ ጥግ ላይ ስለነበር፣ ለማሳጠር ብዬ እግሬን አንስቼ አንዱን ሳሮን ተሻገርኩት። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ዳዊት፦ ነውር ነው?

ማኅሌት፦ ትልቅ ነውር። ዞረህ ነው የምታልፈው። በጃቫ የከበሩ ጋምላኖች ስም አላቸው፣ «ክያይ» የሚል ማዕረግ ከፊቱ ይገባል። ለታላቅ ሰው የሚሰጥ ማዕረግ ነው፣ እንደኛ «አባ» በለው። ለትልቁ ጎንግ አበባና ዕጣን የሚያቀርቡም አሉ። እኔ ያንን ሁሉ እንደ ወንበር ተሻገርኩት። ደግሞ እኮ ይሄ ከሙዚቃው ውጭ ያለ ወግ አይደለም። ገለጻዬ ውስጥ መግባት ነበረበት፣ «መሣሪያዎቹ እነዚህ ናቸው» ብዬ ብቻ ነበር ያለፍኩት።

ዳዊት፦ ወደ ቅኝቱ እንሂድ። እኔ ክራር ነካ ነካ ስለማደርግ ሳዳምጥ ቶሎ ያልኩት «ይሄማ ትዝታ ነው፣ ግን የተበላሸ» ነው።

ማኅሌት፦ አደራ፣ እዚህ ጋ ቆም እንበል፤ እኔም እዚሁ ነው የወደቅኩት። ጋምላን ሁለት ቅኝት አለው። አንዱ ስሌንድሮ፣ ባለ 5 ድምፅ። ሌላው ፔሎግ፣ ባለ 7። አንተ የሰማኸው ስሌንድሮውን ነው። አሁን ቁጥር ልጥራ፣ አትሽሽ።

ዳዊት፦ ተቀምጫለሁ።

ማኅሌት፦ ከአንድ ድምፅ ተነስተህ እሱው ራሱ ከፍ ብሎ እስኪመጣ ያለውን ርቀት ኦክታቭ እንለዋለን። እሱን 1200 ቦታ ብትከፍለው እያንዳንዷ አንድ ሴንት ትባላለች። የትዝታ ሜጀር በፒያኖ ስትመታው እርምጃዎቹ 200፣ 200፣ 300፣ 200፣ 300 ናቸው። ጠባብ ጠባብ ሰፊ፣ ጠባብ ሰፊ። ጆሯችን የሚያውቃት ያቺን አካሄድ ነው። ስሌንድሮ ግን አምስቱንም ርቀት ወደ እኩል ያቀርባል፣ እያንዳንዱ 240 ገደማ።

ዳዊት፦ ቆይ፣ 240 ጠባቡም ሰፊውም አይደለም።

ማኅሌት፦ እሱን ነው የምልህ። ጆሮህ «ጠባብ ይመጣል» ብሎ ሲጠብቅ ትንሽ ሰፋ ያለ ይመጣል፤ «ሰፊ» ሲል ጠበብ ያለ። ስለዚህ «ተበላሸ» ይላል። የተበላሸ የለም፣ ጆሮህ በሌላ ሚዛን እየመዘነ ነው።

ዳዊት፦ ፔሎጉስ?

ማኅሌት፦ ፔሎግ የተቀራረቡና የተራራቁ ድምፆች የተቀላቀሉበት ነው። ከሰባቱ 1፣ 2፣ 3፣ 5 እና 6ን ብቻ ስትሰማ ባቲ ትዝ ይልሃል፣ ከመሃሉ የተጀመረ ባቲ። መጀመሪያ ቀን «ባቲ! ባቲ!» ብዬ ጮህኩ። መምህሬ ፈገግ ብሎ «ማስታወሻሽ ላይ ጻፊው፣ ወረቀትሽ ላይ ግን አታስገቢው» አለኝ። የራሴ ጆሮ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ይጠቅመኛል፤ ስለ ጃቫ ግን አንዳች አይናገርም።

ዳዊት፦ ይሄ ትንሽ አልከበደም? ማወዳደር ምን ኃጢአት አለው? ሰው አዲስ ነገር የሚገባው በሚያውቀው አይደለም እንዴ?

ማኅሌት፦ ይገባዋል፣ አልካድኩም። ግን «ይመስላል» ብለህ ካቆምክ መስማት አቆምክ ማለት ነው። በዚያ ላይ የሚያስገርመው ነገር፣ ሁለት ጋምላኖች አንድ ዓይነት ቅኝት የላቸውም። የአንዱ ስሌንድሮ ከሌላው ትንሽ ይለያል። መሣሪያዎቹ አብረው ተሠርተው አብረው ይቃኛሉ። ከአንድ ጋምላን ሳሮን አንስተህ ሌላው መሃል ብታስቀምጠው አይገጥምም። ቅኝቱ የዚያ ስብስብ ባሕርይ ነው፤ ስም የሚሰጡት ለዚያም ይመስለኛል።

ዳዊት፦ እና ያንን ሴንት ምናምን ማን አመጣው?

ማኅሌት፦ አሌክሳንደር ኤሊስ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። በፈረንጆቹ 1885 የብዙ አገር ቅኝቶችን ለክቶ አንድ ጽሑፍ አወጣ፣ ጃቫም አለበት። የደረሰበት ነገር ለዘመኑ ድፍረት ነው። «ተፈጥሮ የደነገገችው አንድ ቅኝት የለም፣ ቅኝት ብዙ ነው» አለ። ያኔ አውሮፓ የሌላውን ሁሉ «ያልተቃኘ» ትል ነበር። ከ4 ዓመት በኋላ በ1889 ደግሞ የሙዚቃ ደራሲው ደቡሲ ፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ የጃቫ ተጫዋቾችን ሰምቶ ፈዝዞ ቀረ። ይሄ የሁሉም መጽሐፍ መግቢያ ነው፣ ሰልችቶኛል፣ ስለ ጃቫ ሲወራ ሁሌ የፈረንሳዊው መገረም ይቀድማል።

ዳዊት፦ (ሳቅ) አንቺም አነሳሽው እኮ!

ማኅሌት፦ አነሳሁት፣ ተውኩት። ወደ ጎንጉ ልመለስ፤ የኔን አእምሮ የገለበጠው እሱ ነው። እኛ ስንቆጥር ከባዱ ምት «አንድ» ላይ ነው አይደል? ጋምላን ተቃራኒ ነው። ከባዱ መጨረሻ ላይ ነው። ላድራንግ የሚባል አካሄድ አለ፣ ዙሩ 32 ምት ነው። ትልቁ ጎንግ 32ኛው ላይ ይመታል። ከኖንግ የሚባለው ጎንግ ዙሩን በየ8 ምቱ ይከፍለዋል። ከምፑል የሚባለው ሌላ ጎንግ ደግሞ በ12፣ በ20 እና በ28 ይገባል።

ዳዊት፦ በ4ስ? በየ8ቱ ከሆነ 4 ላይም መምጣት ነበረበት።

ማኅሌት፦ ጎበዝ! 4 ላይ አይመታም። ባዶ ነው። ለዚያ ባዶ ቦታ ስም አለው፣ ወላ ይባላል። ትልቁ ጎንግ አሁን ተመትቶ ድምፁ እየተንሳፈፈ ስለሆነ ቦታ ይለቀቅለታል ይላሉ። እኔ በመጀመሪያው ጽሑፌ «ራሱን የሚደጋግም» ያልኩት ይሄን ነው እንግዲህ። ሲዞር አልሰማሁም፣ ሲደገም ብቻ ነው የሰማሁት።

ዳዊት፦ ፍጥነቱም ግራ ገብቶኛል። አንዳንዴ ቀስ ያለ ይመስለኛል፣ ወዲያው ደግሞ ፈጣን።

ማኅሌት፦ ሁለቱም ነው። ኢራማ ይሉታል። ከበሮው ዋናውን ዜማ ሲያዘገየው፣ ትንሿ ሳሮን፣ ፔኪንግ የምትባለው፣ ምቷን እጥፍ ታደርጋለች። በአንድ የዜማ ምት 2 የነበረው 4 ይሆናል፣ 8ም ይደርሳል። ስለዚህ ላዩ እንደፈጠነ ይቆያል፣ ውስጡ ይሰፋል። «ፈጣን ነው ወይስ ዝግ ያለ?» ብለህ መጻፍ አትችልም። «የማን ፍጥነት?» ትባላለህ።

ዳዊት፦ መምህርሽ አሁንም «ለማን» ሊል ነው።

ማኅሌት፦ ቤቴ ድረስ ነው የተከተለችኝ ያቺ ጥያቄ።

ዳዊት፦ በኖታ ነው የምትጫወቱት?

ማኅሌት፦ በቁጥር። ከፓቲሃን ይባላል፣ ሱራካርታ ላይ ነው የተስፋፋው። 1፣ 2፣ 3 እያለ ይሄዳል፣ ስታነበው ጂ፣ ሮ፣ ሉ፣ ፓት፣ ማ፣ ነም፣ ፒ ነው። ግን የሚጻፈው ባሉንጋን፣ ማለትም የዜማው መሠረት ብቻ ነው። «ባሉንግ» አጥንት ማለት ነው። አጥንቱን ያሳይሃል፣ ሥጋውን ቦናንጉና ረባቡ ራሳቸው ያውቃሉ። እዚህ ላይ ግን የኛው ምልክት ትዝ አለኝ፣ የዜማው። መሪጌታ ምልክቱን ከላይ ሲያይ ዜማውን የሚማረው ከሱ አይደለም። በቃል የያዘውን ነው የሚያስታውሰው። ይሄንንስ ማስታወሻዬ ላይ ሳይሆን ወረቀቴ ላይ አስገባሁት።

ዳዊት፦ ምነው ይሄኛው ተፈቀደ?

ማኅሌት፦ ድምፁ ስለሚመሳሰል አይደለማ። ሁለቱም ጋ ወረቀቱ ምን ሥራ እንደሚሠራ ነው ያወዳደርኩት። ከዚያ ደግሞ ልዩነቱንም ጻፍኩ፤ የኛው ለዓመታት ደጅ የሚጠና ነው፣ የነሱን ቁጥር ጀማሪም በአንድ ከሰዓት በኋላ ያነበዋል። አንብቦ ግን መጫወት ሌላ ነው። ሳሮን ስትጫወት ቀኝ እጅህ አዲሱን ሲመታ ግራ እጅህ የቀደመውን ቁልፍ ይዞ ያፍነዋል። እኩል! ካላፈንክ ሁሉም ይጯጯሃል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጩኸት ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ድምፁ መጻፍ የቻልኩት፣ ንጽሕናው ከመዶሻው ሳይሆን ከግራ እጅ እንደሚመጣ እጄ ሲያውቀው።

ዳዊት፦ ተጫውቶ መማር ማለት ነው።

ማኅሌት፦ ማንትል ሁድ የሚባል አሜሪካዊ ነው ይሄን በፈረንጆቹ 1960 አጥብቆ የተናገረው። ሁለት ቋንቋ እንደሚናገር ሰው ሁለት ሙዚቃ ቻሉ አለ። አሁን ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ጋምላን ያለው በሱ መንገድ ነው። ያው ሁሉም አያገኝም። አገር ቤት ሆኖ የሚማር ልጅ ከቅጂ ነው የሚሰማው።

ዳዊት፦ ለሱ ምን ትይዋለሽ? ብዙ አድማጫችን እንደዚያ ነው።

ማኅሌት፦ አንዱን ቅጂ ብቻ ይያዝ። አንድ ሳምንት አንድ ቅጂ። መጀመሪያ እስክሪብቶ ሳይዝ ይስማ። ቀጥሎ ጎንጉን ብቻ ይጠብቅ፣ በጣቱ ይቁጠር። ከዚያ አንድ መሣሪያ ይከተል፣ ሌላው ቢጠፋበትም ግድ የለም። ስሙንም በነሱ ይጥራ፣ «ትንሽ ድስት» አይበል። የት፣ ለምን ጉዳይ እንደተቀረጸ ካልታወቀ ሌላ ቅጂ ይፈልግ። የዋያንግ፣ ማለትም የቆዳ አሻንጉሊት ጥላ ትርኢት ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚሄደው። እስከ እኩለ ሌሊት አንድ ስልት ነው፣ ከዚያ ሌላ፣ ንጋት ሲቃረብ ሦስተኛ። ፓተት ይሉታል። ሰው ይበላል፣ ያወራል፣ ያንቀላፋል። ከዚያ 5 ደቂቃ ቆርጠህ ሰምተህ «የሚያረጋጋ» ብትል...

ዳዊት፦ እንደ ስምሽ ነዋ። ማኅሌት ሊቆም ገብቶ በአምስት ደቂቃ እንደሚወጣ።

ማኅሌት፦ ልክ። ቆይ አሁን እንሞክረው። ላድራንግ አለኝ እዚህ፣ ከጎንግ በኋላ አስጀምራለሁ። 32 ቁጠር፣ መጨረሻው ላይ እጅህን አጨብጭብ።

ዳዊት፦ እሺ... አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... (ሙዚቃ) ...አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ... ቆይ፣ ቀስ አለ እንዴ? ...ሃያ ሦስት፣ ሃያ... አሁን ነው? (ጭብጨባ)

ማኅሌት፦ ጎንጉ ካለፈ ቆየ።

ዳዊት፦ ወይኔ። እንደገና አስጀምሪው።