ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት
(የትምህርት ክፍል ለሚመርጡ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)

ውድ ተማሪዎች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

በቅርቡ የትምህርት ክፍል ምርጫችሁን ትሞላላችሁ። ጂኦሎጂ ብዙ ጊዜ ከዝርዝሩ ግርጌ ነው የሚገኘው። «ደረሰኝ» ሲባል እሰማለሁ፤ «መረጥኩት» ሲባል ግን እምብዛም አልሰማም። ቤተሰብም «ድንጋይ ልታጠና ነው እንዴ ዩኒቨርሲቲ የገባኸው?» ይላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በቅንነት ልመልሰው።

ወደ ጎጃም የሄዳችሁ የዓባይን በረሃ ታውቁታላችሁ። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወደ ድልድዩ፣ ከድልድዩ ሽቅብ ወደ ደጀን። ተሳፋሪው ሁሉ የሚያስበው ስለ ፍሬኑ ነው። እኛ ግን ተማሪዎች ይዘን ስንሄድ በየመታጠፊያው እንወርዳለን።

መጀመሪያ የምታገኙት ጥቁሩን ድንጋይ፣ ባዛልቱን ነው። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሬት ተሰንጥቃ፣ ቅልጥ አለት እየፈሰሰ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተነጠፈ የተሠራ ነው። የጎጃም፣ የወሎ፣ የሰሜን ሸዋ ደጋ አብዛኛው በዚህ ላይ ነው የተቀመጠው። ራስ ዳሽንም የዚሁ እሳት ሥራ ነው።

ወረድ ስትሉ ቀለሙ ይለወጣል። ግራጫና ቢጫማ የኖራ ድንጋይ ይመጣል። እዚህ ጋ ቁጭ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ድንጋዩን ጠጋ ብላችሁ ስትመለከቱ የዛጎል ቅርጽ ታያላችሁ። የባሕር ዛጎል ነው። የዛሬ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይህ ቦታ ባሕር ነበር። ከዚያ በታች ነጣ ያለ የጂፕሰም ንጣፍ አለ። ጥልቀት የሌለው ባሕር ፀሐይ ሲያደርቀው የሚተወው ነው። ወንዙ ጋ ስትደርሱ ደግሞ ቀላ ያለ አሸዋ ድንጋይ ታገኛላችሁ። እሱ ባሕሩ ሳይመጣ በፊት ወንዞች ያነጠፉት አሸዋ ነው። ባሕሩ መጣ፣ ሄደ፤ ከዚያ እሳቱ መጣ፤ በመጨረሻ ዓባይ ሁሉንም ቆርጦ አሳየን። ይህን ለማንበብ የሚያስፈልጋችሁ የመጀመሪያ ሕግ በጣም ቀላል ነው። ካልተገለበጠ በቀር፣ ከሥር ያለው ቀድሞ የተነጠፈ ነው።

በነገራችን ላይ ድንቅነሽን 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው የምንለው አጥንቷን ለክተን አይደለም። ሐዳር ላይ አጥንቷ ከተገኘበት ንጣፍ በላይና በታች የእሳተ ገሞራ አመድ አለ። በአመዱ ውስጥ ያለው አርጎን የተባለ ጋዝ ተለክቶ ነው ዕድሜዋ የታወቀው። በየሙዚየሙ ስለ አጥንቷ ይወራል፤ ስለ አመዱ የሚያወራ ብዙም የለም። ይህ እኔን ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

«ደስ ይላል፤ ግን ለሰው ምን ይጠቅማል?» ትሉኝ ይሆናል። የሙገርና የደርባ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች በዚያ አካባቢ የተተከሉት ይሄው የኖራ ድንጋይ ስላለ ነው። ጂፕሰሙም ለሲሚንቶና ለጀሶ ይውላል። እኔ ግን ዛሬ ብዙ ልናገር የምፈልገው ስለ ውሃ ነው።

ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያደጋችሁ፣ ወንጂ፣ መተሐራ፣ ዝዋይ፣ አላባ አካባቢ፣ ጥርሳቸው የበለዘ ሰዎችን ታውቃላችሁ። ብዙ ሰው ጥርሳቸውን ስለማይፋቁ ይመስለዋል። አይደለም። ጥርሱ የተጎዳው ገና ከድድ ሳይወጣ ነው። ልጁ ከሚጠጣው ውሃ ጋር ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት ገብቷል። በብዛት ለብዙ ዓመት የጠጣ ሰው ደግሞ ጉዳቱ አጥንቱ ላይ ይደርሳል። ወገቡ ይጎብጣል፤ አንገቱን ማዞር ይቸግረዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ፍሎራይድ ያለባቸው ጉድጓዶች አሉ። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ አይሸትም። እናት ለልጇ ብላ ብታፈላው እንኳ አይጠቅማትም። እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር በቀረው ውስጥ ፍሎራይዱ ይጠነክራል።

ምክንያቱ ያለው ድንጋዩ ውስጥ ነው። የሸለቆው አለትና አመድ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው፤ ፍሎራይድ አለበት። ካልሲየም በበዛበት ውሃ ውስጥ ፍሎራይዱ ከካልሲየሙ ጋር ተያይዞ ይዘቅጣል። የሸለቆው ውሃ ግን ካልሲየሙ ትንሽ፣ ሶዲየሙ ብዙ ነው፤ ብዙ ቦታ ላይም ሙቅ ነው። ስለዚህ ፍሎራይዱ ሟሙቶ ይቀራል። ጥልቅ ጉድጓድ ሁሉ ጥሩ ውሃ ይሰጣል ማለት አይደለም። ከሸለቆው መሃል ይልቅ ዳር ላይ፣ ከተራራው ግርጌ፣ የተሻለ ውሃ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። መሰርሰሪያው ከመተከሉ በፊት ይህን የሚያውቅ ሰው ሊጠየቅ ይገባል። ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ ተመርቆ፣ ሕዝቡ መጠጣት ከጀመረ በኋላ «አትጠጡ» ማለት ከባድ ነው። ሌላ ውሃ ከየት ይምጣ? ከአጥንት ከሰል የሚሠራ ማጣሪያ አለ፤ ይሠራልም። ግን ከሰሉን በየጊዜው የሚለውጥ፣ ውሃውን የሚመረምር ሰው ይፈልጋል።

ሌላው ልቤን የሚከብደው ጎፋ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተራራው ተናደ። ጎረቤት ሁሉ የተቀበሩትን ሊያወጣ በእጁና በአካፋ መቆፈር ጀመረ። ያኔ ሁለተኛው ናዳ መጣ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ ሊያድኑ የመጡ ነበሩ። ማንንም ለመውቀስ አይደለም ይህን የምለው። ጎረቤቱ ተቀብሮ ቆሞ የሚያይ ሰው የለም። ነገር ግን ተዳፋት ሲናድ ከበላዩ የቀረው አፈር ድጋፉን ያጣል። ዝናብ ከጠጣ ደግሞ ቀጥሎ ሊወርድ ይችላል። ከናዳ በፊት ብዙ ጊዜ ምልክት ይታያል። ከዳገቱ አናት ላይ አዲስ ስንጥቅ ይከፈታል፤ ዛፍ ይዘማል፤ ምንጭ ድንገት ይደፈርሳል፤ በር አልዘጋ ይላል። እነዚህን ምልክቶች ለገበሬው፣ ለቀበሌው፣ ለትምህርት ቤቱ ማስተማር ዶላር የሚጠይቅ ነገር አይደለም። የሚያስተምር ሰው ነው የሚጠይቀው።

የምንኖረው በሚንቀሳቀስ መሬት ላይ ነው። መስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ፣ ዳባሁ አካባቢ፣ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት ተከፈለ። አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ነው የተራራቀው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል ቅልጥ አለት ከመሬት በታች ሰርጎ ሲገባ መንቀጥቀጡ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። ፎቅ ላይ የምትኖሩ በሌሊት ደረጃ የወረዳችሁበትን ታስታውሳላችሁ። እዚያው አካባቢ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቀዬውን ለቆ ወጣ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ያለው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ህንድ ደረሰ። መንቀጥቀጥ የሚመጣበትን ቀንና ሰዓት የሚናገር ሳይንስ የለም። «ነገ ማታ ይመጣል» የሚል ወሬ ስልካችሁ ላይ ሲደርሳችሁ አታስተላልፉት። የትኛው ቦታ አደገኛ እንደሆነ፣ ሕንፃው እንዴት መሠራት እንዳለበት ግን እናውቃለን።

ቤት የሚሠራ ዘመድ ያላችሁም አንድ ነገር ንገሩት። ጥቁር የዋልካ አፈር ክረምት ያብጣል፤ በጋ ይሰነጠቃል። ግድግዳው በየዓመቱ የሚተረተረው ሁልጊዜ ግንበኛው ሰንፎ አይደለም። መሠረቱ ከመውጣቱ በፊት አፈሩ ይታይ።

ሥራው ቀላል ነው ብዬ አላታልላችሁም። ፀሐይ አለ፣ ዳገት አለ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ አለ። ተመርቆ ወዲያው ሥራ የማያገኝም አለ። ሴት ተማሪዎች «ፊልድ ይከብድሻል» ሲባሉ እሰማለሁ። አትስሙ። ከክፍላችን ጎበዝ ካርታ ሠሪዎች ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው።

የፊታችን ቅዳሜ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ወደ ስምጥ ሸለቆ ወርደው ከጉድጓዶች የውሃ ናሙና ይወስዳሉ። አውቶቡሱ ላይ ትርፍ ቦታ አለን። መምጣት የምትፈልጉ ስማችሁን በር ላይ ላለችው ረዳት መምህርት አስመዝግቡ። ኮፍያ፣ ጠንካራ ጫማና ሁለት ሊትር የሚጠጣ ውሃ ያዙ። የምንነሳው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ እመልሳለሁ።