ሳሉን ለምን አልሰረዝኩትም

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ሙዚቃ ሶፍትዌር እንድናገር ስጠየቅ የቀደመኝ ሳቅ ነው። 20 ዓመት ሙሉ ኪቦርድ ሳስተምር ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግራቸው ነገር ቢኖር «በሌላ ሰው እጅ በተመታ ከበሮ ላይ ስምህን አትጻፍ» የሚል ነበር። የተዘጋጀ ሉፕ እየጎተቱ መደርደር ለእኔ የተሰፋ ልብስ ገዝቶ «ልብስ ሰፊ ነኝ» እንደማለት ነበር። ዛሬ ከፊታችሁ የቆምኩት ሐሳቤን በግማሽ ቀይሬ ነው። በግማሽ የምለው ለጨዋነት ያህል አይደለም፤ ሌላኛው ግማሽ አሁንም ንቅንቅ አላለም፤ እደርስበታለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ ኮምፒውተሬ ላይ አንድ ፕሮግራም ጫነልኝና «ጋሼ፣ አንድ ሳምንት ብቻ ይሞክሩት፤ ከጠሉት እኔው መጥቼ አጠፋዋለሁ» ብሎኝ የሄደ ዕለት ነው።

ለማታውቁት ላስረዳ። ሉፕ መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር ገጥሞ ሳይቋረጥ የሚዞር አጭር የድምፅ ቁራጭ ነው። ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ፣ ሁለት ወይም አራት ባር ይሆናል፤ ባር ስል አራት ምት ያለውን ማለቴ ነው። በደቂቃ 96 ምት በሚሄድ ሙዚቃ አንድ ባር 2.5 ሴኮንድ፣ ስምንት ባር ደግሞ 20 ሴኮንድ ይፈጃል። ይህችን 20 ሴኮንድ ያዙልኝ፤ መከራዬን ያየሁት በእርሷ ነው።

የመጀመሪያው ምሽት ግን ድግስ ነበር። ከበሮ ጎተትኩ፣ ቤዝ ጎተትኩ፣ ጊታር ጨመርኩ፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሙሉ ባንድ ጠረጴዛዬ ላይ ይጫወት ጀመር። በጣም የገረመኝ ከበሮው በ90፣ ቤዙ በ120 ፍጥነት የተቀዱ ሆነው ሳለ አንድ ላይ ለመሄድ አለመቸገራቸው ነው። በቴፕ ዘመን ላደገ ሰው ይህ ተአምር ነው። በ90 የተቀዳ ዜማ ያለበትን ቴፕ ወደ 120 ብታፋጥኑት ድምፁ አብሮ ይቀጥናል፤ አምስት ሰሚቶን ያህል (ሰሚቶን በኪቦርድ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ጎረቤቱ ያለው ርቀት ነው) ወጥቶ ዶ የነበረው ፋ ሆኖ ቁጭ ይላል። ሶፍትዌሩ ግን ድምፁን እጅግ በጣም ትንንሽ ቁራጮች አድርጎ ይከትፈዋል፤ ሲያፋጥን ቁራጮቹን ያቀራርባል፣ ሲያዘገይ ይደጋግማቸዋል፤ ቃናው ባለበት ይቆያል። ይህን ሥራ ማንም ሰው በቤቱ ኮምፒውተር እንዲሠራው ካደረጉት ፕሮግራሞች መካከል ቀዳሚው እ.ኤ.አ. በ1998 ሶኒክ ፋውንድሪ ያወጣው አሲድ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በበርሊን የተሠራው ኤብልተን ላይቭ ያንኑ መድረክ ላይ፣ ሙዚቃው ሳይቆም እንዲሆን አደረገው። እርግጥ ዋጋ አለው። ጨርቅ ሲለጠጥ ክሩ እንደሚታይ ሁሉ በ120 የተቀዳ ከበሮ ወደ 60 ሲጎተት አንዱ ምት ሁለት ሆኖ ይሰማል፤ የሰው ድምፅማ ከውኃ ውስጥ የሚናገር ይመስላል። ጆሮ ያለው ሰው ያውቀዋል።

በሁለተኛው ቀን ትዕቢቴ አንድ ሌላ ምት ቀመሰ። እ.ኤ.አ. በ2007 ሪሃና ዓለምን ያዳረሰችበትን ዘፈን የያዘው ከበሮ ከአፕል ጋራዥባንድ ጋር አብሮ የሚመጣ ሉፕ እንደሆነ አነበብኩ። አስቡት፤ ያን ፕሮግራም የከፈተ ሁሉ ያ ከበሮ እጁ ላይ ነበር፤ እኔም ብከፍተው ኖሮ ይኖረኝ ነበር። ስምህን አትጻፍ እያልኩ ያስፈራራኋቸው ልጆች በዓይኔ ዞሩ። (በነገራችን ላይ እንዲህ ያሉትን ሉፖች በራስ ሥራ ውስጥ መጠቀም የተፈቀደ ነው፤ ሉፑን ለብቻው መልሶ መሸጥ ግን ክልክል ነው። ፈቃዱን ማንበብ ያሰለቻል፤ አንብቡት።)

ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው ቀን አለፈ። በእጄ ምን አለ? አሥራ አንድ ጅምር። ሁሉም ስምንት ባር ነው፤ አንዱም ዘጠነኛ ባር የለውም።

አንዱን ሌሊት ልንገራችሁ። የጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ስምንቷን ባር እያዞርኩ ቤዙን ትንሽ ከፍ፣ ጊታሩን ትንሽ ዝቅ አደርጋለሁ። 20 ሴኮንድ የሚፈጅ ነገር በደቂቃ ሦስት ጊዜ፣ በሰዓት 180 ጊዜ ይዞራል። ሦስት ሰዓት ተቀመጥኩ። ስተኛ በሕይወቴ የሠራሁት ምርጥ ሥራ ይህ ነው ብዬ አምኜ ነበር። ጠዋት ቡናዬን ይዤ ከፈትኩት፤ ሁለት ጊዜ ዞሮ ሳይጨርስ ዘጋሁት። ጊታሩ ከቤዙ ጋር ይጣላል። ያን ያህል ጊዜ ሰምቼው አልሰማሁትም!

ድግግሞሽ ጆሮ ላይ አንድ ነገር እንደሚሠራ አዋቂዎቹ ቀድመውን አውቀውታል። ፈረንሳዊው የሙዚቃ አቀናባሪ ፒየር ሼፈር እ.ኤ.አ. በ1948 ፓሪስ ውስጥ ሸክላ ላይ የመርፌዋን መንገድ በክብ ዘግቶ አንዲት ድምፅ ሲያዞር፣ ድምፁ ከየት እንደመጣ ማሰብ እንደሚቀርና ድምፁ ብቻውን እንደሚቀር ተረዳ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ዳያና ዶይች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 የተቀዳ የራሷን ንግግር ስታርም ከዓረፍተ ነገሩ ተቆርጣ የምትዞር አንዲት ሐረግ ትታ ወደ ሌላ ሥራ ዞረች፤ ጥቂት ቆይታ ክፍሉ ውስጥ ሰው የሚዘፍን መሰላት። ቃሉ አልተለወጠም። የተለወጠው ሰሚው ነው።

እንግዲህ ይህ ኃይል አድማጩ ላይ ከመድረሱ በፊት እኛ ላይ ይደርሳል። ሉፕ መጀመሪያ የሚያታልለው ሠሪውን ነው። የትኛውም ነገር 500 ጊዜ ሲሰማ ይለመዳል፤ የተለመደ ነገር ደግሞ የሚያምር ይመስላል። እኔ ከዚያ ሌሊት ወዲህ አንዲትን ስምንት ባር በአንድ ቁጭታ ከሃያ ደቂቃ በላይ አላዞርም፤ ሰዓት ሞልቼ እነሣለሁ።

አሁን ወደ ሳሉ።

በሳምንቱ መጨረሻ ተማሪዬ ፕሮግራሙን ሊያጠፋልኝ መጣ። እኔ ማይክሮፎን አቁሜ የራሴን ጭብጨባ አራት ባር እየቀዳሁ ነበር፤ እርሱ በሩን ከፍቶ ገባና አሳለ። ገና በመጀመሪያው ባር፣ ከሦስተኛው ምት ትንሽ ዘግይቶ። ልሰርዘው ስል ሉፑ መዞር ጀምሯል። በየአሥር ሴኮንዱ ኡሁ። አንደኛው ዙር ላይ ተናደድኩ፤ ሁለተኛው ላይ ሁለታችንም ሳቅን፤ አራተኛው ላይ ልጁ መሳቁን ትቶ አንገቱን ይነቀንቅ ጀመር። ሳል መሆኑ ቀርቶ ከበሮው የሚመልስለት አንድ መሣሪያ ሆነ።

ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ባር አሥራ ስድስት ቦታ የሚከፍል ፍርግርግ አለው፤ በእኔ ፍጥነት አንዷ ክፍል 156 ሚሊሴኮንድ ገደማ ናት። ሳሉ ከምቱ መስመር 40 ሚሊሴኮንድ ያህል ወደ ኋላ ቀርቷል። አንድ ትእዛዝ አለ፤ የዘገየውን ሁሉ ጎትቶ መስመር ላይ ያስቀምጣል። ተጫንኩት። ሳሉ በሰዓቱ ደረሰ፤ ግን ሞተ። ትእዛዙን መለስኩት፤ ነፍስ ዘራ። ለጀማሪ የምመክረው አንድ ነገር ቢኖር ይህን ነው፤ ያን ትእዛዝ ከመጫናችሁ በፊት የዘገየው ነገር በስንፍና ይሁን በአኳኋን እንደዘገየ ስሙት።

ከስምንቷ ባር ያወጣኝም ይኸው ያሳለው ልጅ ነው። እስከዚያ ድረስ ሥራው እንዲያድግ የምጨምርበት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ሌላ ሉፕ፣ ሌላ ሉፕ። ልጁ «ጋሼ፣ ሞልቷል እኮ፤ አሁን ይቀንሱ» አለኝ። ስምንቷን ባር ስምንት ጊዜ ገልብጬ 64 ባር አደረግኋት፤ 2 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ። ከዚያ መሰረዝ። ከመጀመሪያዎቹ 16 ባሮች ከበሮውን ሙሉ በሙሉ አወጣሁት፤ ጊታሩን ለመጨረሻው ሩብ ብቻ አስቀረሁት። ሦስት ጊዜ እጄ ተንቀጠቀጠ። የኪቦርዱን ዜማ ደግሞ አምስት ምት አድርጌ ቆረጥኩት። ከአራት ምቱ ከበሮ ጋር በየ20 ምቱ ብቻ ስለሚገናኙ አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ ያው ሉፕ በየዙሩ ሌላ ሰው ይመስላል። አሜሪካዊው የሙዚቃ አቀናባሪ ስቲቭ ራይክ እ.ኤ.አ. በ1965 ሁለት የቴፕ ማጫወቻዎች ቀስ በቀስ ሲለያዩ ሰምቶ ሙዚቃ ያደረገው የዚህን የቅርብ ዘመድ ነው።

ያልተለወጠውን ግማሼን ቃል ገብቼ ነበር። ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጡት ሉፖች ሁሉም ከሁሉም ጋር እንዲገጥሙ ታስበው ስለሚሠሩ አብዛኞቹ ከአንድ ኮርድ፣ ማለትም በአንድነት ከሚመቱ ድምፆች ስብስብ፣ አይነቃነቁም። ሙዚቃው ደስ እያለው ባለበት ይረግጣል። ኮርዱ መቀየር ያለበት የት እንደሆነ የሚያውቅ ሉፕ እስካሁን አላገኘሁም፤ እርሱን ጣቶቼ ናቸው የሚያውቁት፤ ስለዚህ ተማሪዎቼ ነገም ስኬል ይለማመዳሉ። አትኩረፉብኝ።

አሁን ሥራውን ላሰማችሁ። 1 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ላይ ሁሉም መሣሪያ ዝም ይላል፤ አዳራሹም ዝም ይላል፤ ከዚያ አንድ ሰው ያስላል። እባካችሁ ወደ ጎረቤታችሁ አትዙሩ።