ኦዌን ግሊንዱር ሽፍታ ነበር? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዛሬው ፕሮግራም ከእንግሊዝ በስተምዕራብ ባለችው በዌልስ ምድር፣ በኦዌን ግሊንዱር መሪነት በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ስለተነሳው አመፅ የደወላችሁ ብዙ ናችሁ። ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከአዳማ የደወሉ አድማጭ፦ «ነገሩ የተጀመረው በመሬት ጠብ ነው ይባላል። በአንድ ሰው መሬት አገር ሙሉ ይነሳል እንዴ?»

ጠቡስ እውነት ነው። ኦዌን ከጎረቤቱ ከእንግሊዛዊው ባላባት ሬጂናልድ ግሬይ ጋር በመሬት ተጣልቶ ነበር። በሴፕቴምበር 1400 ደጋፊዎቹ የዌልስ ልዑል ብለው ሰየሙት። ወዲያው የግሬይን ከተማ ሩቲንን አጠቁ።

ሕዝቡ ግን ቀድሞውንም ሆዱ ቆስሏል። ዌልስ በእንግሊዝ እጅ ከወደቀች ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል። ግብሩ ከባድ ነው፤ እንግሊዞች በቆረቆሯቸው ከተሞች ደግሞ የአገሩ ተወላጅ እንደ ባዕድ ይታያል። ለዚህ ነው በኦክስፎርድ የሚማሩ የዌልስ ተማሪዎች ሳይቀሩ ትምህርታቸውን ጥለው ወደ አገራቸው የተመለሱት።

የእንግሊዝ ፓርላማ በ1402 ያወጣው ሕግ ደግሞ ነገሩን አባባሰው። የዌልስ ሰው እንዳይሰበሰብ፣ መሣሪያ እንዳይዝ፣ እንዳይሾም ከለከለ። የዌልስ ሴት ያገባ እንግሊዛዊ እንኳ በዌልስ ሹመት አያገኝም ተባለ። ሰው ትዳሩ ድረስ ከተገባበት ምን ቀረው?

ከባሕር ዳር የደወሉ እናት፦ «ልጄ፣ ሰውየው ሽፍታ ነው ወይስ መንግሥት ያቆመ?»

እናቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ በተራራ እየተሸሸገ ድንገት አደጋ ጥሎ የሚሰወር ተዋጊ ነበር። በ1404 ግን ሀርሌክና አበሪስትዊዝ የሚባሉ ትልልቅ ምሽጎችን ያዘ፤ በማኸንሌዝ ከተማ ፓርላማ ጠራ፤ ከፈረንሳይ ንጉሥ ከቻርልስ 6ኛ ጋር ውል ተፈራረመ።

እኔን በጣም የሚገርመኝ በ1406 ከፔናል መንደር ለዚሁ ንጉሥ የላከው ደብዳቤ ነው። ያኔ የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ፓፓዎች ነበሯት፤ እንግሊዝ የሮማውን፣ ፈረንሳይ ደግሞ የአቪኞኑን ትደግፋለች። ኦዌን የአቪኞኑን ቤኔዲክት 13ኛን እቀበላለሁ አለ። በምላሹ የጠየቀውን ስሙ፦ ዌልስ የራሷ ሊቀ ጳጳስ ይኑራት፣ ካህናቱ የዌልስን ቋንቋ የሚያውቁ ይሁኑ፣ በሰሜንና በደቡብ አንድ አንድ ዩኒቨርሲቲ ይቋቋም። ጦርነት ላይ ሆኖ ዩኒቨርሲቲ የሚጠይቅ ሰው ሽፍታ ሊባል አይገባም። ይህን ስል ከልቤ ነው።

ከዋሽንግተን የደወለ ወጣት፦ «ታዲያ ለምን ተሸነፈ? ማንስ አሳልፎ ሰጠው?»

የፈረንሳይ ጦር በ1405 መጣ፤ ብዙ ሳይቆይ ተመለሰ። እንግሊዝ በገንዘብም በሰው ኃይልም ትበልጣለች። አበሪስትዊዝ በ1408፣ ሀርሌክ በ1409 ወደቁ። ሚስቱና ሴቶች ልጆቹ ተማርከው ለንደን ታሰሩ።

እሱን ግን አሳልፎ የሰጠው የለም። ከ1412 በኋላ የት እንዳለ በግልጽ አይታወቅም። የእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ 5ኛ በ1415 ምሕረት ቢያቀርብለትም አልመጣም። ልጁ ማረዲድ ምሕረቱን የተቀበለው በ1421 ነው።