ጎረቤቷስ ማነው?

እሺ... ሰላም ናችሁ። ድምፁ ካስተጋባ ታገሱኝ፤ መብራት ሄዷል፣ በስልክ ነው የምቀዳው። ጄኔራል የምንለው አውራ ዶሮም ከአጥር ወዲያ እየጮኸ ነው። አዎ፣ አልታረደም። ለፋሲካ ይታረዳል ብላችሁ የተወራረዳችሁ፣ ተበልታችኋል።

ስለ ቤት ኪራዩ ልቀጥል ነበር። ይቆይ። እሁድ ለቅሶ ላይ የተወራው ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል።

ጋሼን ታውቋቸዋላችሁ፣ የዕድራችን ዳኛ። ድንኳን ውስጥ ነን። ንፍሮ እየዞረ ነው፣ ጥግ ላይ ካርታ የሚጫወቱ አሉ። ወሬው እንደተለመደው ወደ ወታደር ሄደ። ቡራዩ እየኖሩ ከወታደር ወሬ ማምለጥ አይቻልም፤ የታጠቅ ጦር ሰፈር እኮ እዚሁ አጠገባችን ነው። አንዱ "ጦር የሌለው አገር አጥር እንደሌለው ግቢ ነው" አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ደግሞ ምላሴ አያርፍም። ኮስታ ሪካን አመጣሁ።

በፈረንጆቹ 1948 ሠራዊቷን በተነች፣ በዓመቱ ሕገ መንግሥቷ ውስጥ አስገባችው፣ ይኸው እስከ ዛሬ አለች አልኳቸው። ድንኳኑ ዝም አለ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ጋሼ ንፍሮ እየመረጡ ነበር። ስንዴውን ይበላሉ፣ ሽምብራውን ወደ ሳህኑ ጠርዝ ይገፋሉ። ጥርሳቸው አይችለውም። ቀና እንኳ ሳይሉ "ጎረቤቷስ ማነው?" አሉኝ።

"ኒካራጓ... ፓናማ..."

"ስትጮህ የሚደርስላት አላት?"

ቤት ገብቼ አነበብኩ። ሠራዊቷን በትና ወር ሳይሞላት ከኒካራጓ በኩል የታጠቁ ሰዎች ገቡባት። ጮኸች፤ የአሜሪካ አገሮች ድርጅት ደረሰላት። በፈረንጆቹ 1955 ደግሞ ገቡባት። ያኔ አሜሪካ 4 ተዋጊ አውሮፕላን ሸጠችላት። በስንት? አንዱን በ1 ዶላር! እኔ ለቪትሷ አሮጌ ጎማ ስንት እንደከፈልኩ ታውቃላችሁ፣ አታስለቅሱኝ።

እና የሚደርስላት ነበራት ማለት ነው። እኛስ? እኛም ጮኸናል። በእኛ አቆጣጠር 1916 ላይ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ሆንን። በሰኔ 1928 ጃንሆይ ጄኔቭ ቆመው ተናገሩ። ሕዝቡ በመርዝ ጋዝ እያለቀ ነበር። ማን መጣ? ማንም። አድዋ ላይ ግን ጠመንጃ ነበረን። ከፊሉን የሰጠችን እኮ ራሷ ጣሊያን ናት! ይሄ ነገር ባሰብኩት ቁጥር ያስቀኛል።

ስለዚህ ጋሼ ልክ ናቸው፣ አለቀ... ልል ነበር። ግን ቆይ፣ እሳቸው እዚያ ላይ አላቆሙም።

ጋሼ የ1969 ሚሊሻ ናቸው። ከእርሻ ተነስተው ታጠቅ ሰልጥነው፣ በሶማሊያ ጦርነት ካራማራ የደረሱ ሰው ናቸው። ስለዚህ "ጦር ያስፈልጋል፣ በቃ" ብለው ይዘጉታል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። እሳቸው ግን ሌላ ሽምብራ ገፉና "በ83ም መሣሪያ ሞልቶን ነበር" አሉ።

እውነት ነው። ታንኩ ነበረ፣ አውሮፕላኑ ነበረ። የደርግ ጦር ከሰሃራ በታች ከነበሩት ትልልቅ ሠራዊቶች አንዱ ነበር። ግንቦት ላይ ተበተነ። ሶቪየትም በዚያው በፈረንጆቹ 1991 ኒውክሌሯን ታቅፋ ፈረሰች። የወደቀው መንግሥት ነው፣ አገር አይደለም ትሉኝ ይሆናል። እሱም ያከራክራል። የቅርቡን ጭራሽ አልነካውም፤ ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። የልጅ ልጃቸው፣ ያ ወንበር የሚደረድረው ረጅሙ ልጅ፣ "ታዲያ እኔ ልመዝገብ?" አለ። ቀልድ ይሁን ምሩን ፊቱ ላይ አይታወቅም። ጋሼ ወዲያው "ወንበሩን አስገባ" አሉት። ይኸው ነው። እሺም አላሉ፣ አይሆንምም አላሉ። ዝናብ የለም እኮ! ሰው ገና ተቀምጧል፣ የሚገባ ወንበር አልነበረም። ልጁ ባዶ ወንበር ፈልጎ፣ አንስቶ ወጣ። ማንም አልሳቀም። እኔም ሳህኑ ላይ የተሰለፈውን ሽምብራ ማየት ጀመርኩ።

ጦር ያስፈልጋል ብለው እንደሚያምኑ እርግጠኛ ነኝ። ግን ያን ልጅ... እኔም እንደዚያው ነኝ መሰለኝ። ያስፈልጋል እላለሁ። ያስፈልጋል ስል ግን የእኔን ልጅ አስቤ አይደለም፤ እሷ ገና ሁለተኛ ክፍል ናት። የሌላ ሰው ልጅ ነው የምልከው። ይሄ ደግሞ ያስጠላል። በሌላ በኩል መስከረም 1970 ጅጅጋ ስትያዝ እዚያ የነበረ ሰው ይሄን የሶፋ ፍልስፍናዬን ቢሰማኝ? በጥፊ ነው የሚለኝ።

ደግሞ ኩባዎቹ አሉ። ኩባዎቹን ረስቼ! ያኔ ስንጮህ ከባሕር ማዶ ድረስ መጥተው አብረውን ተዋጉ። በ1928 ጎረቤት እንኳ አልሰማንም፣ በ1970 ሀቫና ድረስ ተሰማን። ለምን? ስለተወደድን ነው? ለሶቪየት ስለተመቸ ነው? ሶማሊያንም ቀድማ ያስታጠቀቻት እኮ ሶቪየት ናት። እና የሚደርስልህ ሰው ራሱ... ማለቴ፣ ጋሼ "የሚደርስላት አላት ወይ" ሲሉ እንደነዚህ ዓይነቶቹን ከሆነ ያሰቡት፣ ያ ደግሞ ሌላ... ቆይ፣ ስልክ እየገባብኝ ነው። ባለቤቴ ናት። ካላነሳሁት ደግሞ...