ሻንጣ ይዞ ቬኒስ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ድምፄ ሻካራ ከሆነባችሁ ጉንፋን ነው፣ ታገሱኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ስለ ቬኒስ ላውራችሁ። ባለፈው መጋቢት ሦስት ቀን ከርሜ መጣሁ። ዓመት ስጠራ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ወደ እኛ እመለሳለሁ።

ከሙኒክ በባቡር ነው የሄድኩት። አልፕስን አቋርጦ ሰባት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። መጨረሻው ላይ ባቡሩ ባሕሩ መሀል በተዘረጋ ረጅም ድልድይ ላይ ይሄዳል። ድልድዩ በ1846 ነው የተከፈተው። ከዚያ በፊት ያለ ጀልባ አይገባም ነበር። ከጣቢያው ስትወጡ ታክሲ የለም፣ ወያላ የለም፣ አስፋልት የለም። ሰፊ ደረጃ አለ፤ ከደረጃው ሥር ውሃ። ለእማዬ በቪዲዮ ደውዬ አሳየኋት።

"ጎርፍ ገባባቸው እንዴ?" አለችኝ።

እማዬ ጡረታ የወጣች የጂኦግራፊ መምህርት ናት። ቬኒስን ከእኔ በላይ ታውቃታለች። ልታስቀኝ ነው።

ጥፋቴ ሻንጣው ነው። ትልቅ፣ ባለ ጎማ፣ ለሦስት ቀን! ከተማዋ ከመቶ በላይ በሆኑ ትንንሽ ደሴቶች ላይ ነው የተሠራችው። ድልድዮቿ ከ400 ይበልጣሉ። ድልድይ ማለት ደግሞ ደረጃ ማለት ነው። ማረፊያዬ እስክደርስ ሰባት ቆጠርኩ። አምስተኛው ላይ ቆሜ ሳለከልክ አንድ አዛውንት ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ቀድመውኝ አለፉ። ዞር ብለውም አላዩኝ።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ ሸክም ሸክም ብቻ ያይ ጀመር። እውነቴን ነው፣ ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ ዕቃ ሲመላለስ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቦይ ዳር ቁሙ። ቢራ በጀልባ፣ ሲሚንቶ በጀልባ፣ ማቀዝቀዣ በጀልባ። ቆሻሻ የሚጭነው ጀልባ ነው። አምቡላንሱም፣ እሳት አደጋውም ጀልባ ነው። ሬሳም ሳን ሚኬሌ ወደምትባለው የመቃብር ደሴት በጀልባ ይሄዳል። ከጀልባ ወርዶ እስከ በር ድረስ ያለው ደግሞ የሰው ጉልበት ነው። የእጅ ጋሪያቸው ከፊት ሁለት ትንንሽ ጎማዎች አሉት፤ ደረጃ መውጫ። ገፊው "አተንትሲዮኔ!" ይላል። መርካቶ ተሸካሚው "ዞር በል!" እንደሚለው ማለት ነው። እኔም በልምድ ግድግዳ ላይ ተለጠፍኩ።

ያረፍኩት ካናሬጆ ነው። ቬኒስ ስድስት ሰፈር አላት፤ ይህ ከጣቢያው በኩል ያለው ነው። እዚያው ሰፈር ውስጥ አይሁዶች በ1516 በአዋጅ ተለይተው እንዲኖሩ የተደረገበት ደሴት አለ። ማታ ማታ በሩ ይዘጋባቸው ነበር። የጠባቂዎቹን ደመወዝ የሚከፍሉት ራሳቸው ነበሩ። ሰው ሲበዛና ቦታ ሲጠብ ቤቱን ወደ ላይ ቀጠሉት። እስከ ዛሬ ከአካባቢው ሁሉ ረጃጅሞቹ እነዚያ ቤቶች ናቸው። ጣሪያቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ መስኮቶቹ ተደራርበው ይታያሉ። ተገልለው የሚኖሩበት ሰፈር ማለት የሆነው "ጌቶ" የሚለው ቃል ከዚህ ቦታ ነው የወጣው፤ ቀድሞ ብረት ማቅለጫ ነበረበት፣ ስሙም ከዚያ መጣ ይባላል። በሮቹ የተነሱት ናፖሊዮን ሲገባ፣ በ1797 ነው። እዚያ አደባባይ ላይ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ብዙ ተቀመጥኩ።

አድራሻ ማግኘት ጉድ ነው። የቤት ቁጥር በመንገድ አይደለም፣ በሰፈር ነው። ሰፈሩን እየዞረ ሺህዎች ይደርሳል። 3120 አጠገብ 2890 ታገኛላችሁ። ስልኬ ሁለት ጊዜ ቦይ ውስጥ ሊከተኝ ነበር። ፖስተኛ ካልሆነ ማንም በቁጥር አይሄድም፤ "ከፋርማሲው አለፍ ብሎ፣ ድልድዩን ሳትሻገር" ነው የሚሉት። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይሄ ችግር አይደለም። "ከቀዩ በር ፊት ለፊት" እየተባልን አይደል ያደግነው?

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ጉድጓዶቹ። በየሰፈሩ አደባባይ መሀል የተቀረጸ የድንጋይ አፍ ታያላችሁ፤ አሁን በብረት ተከድኗል። ከተማዋ ዙሪያዋን ውሃ ነው፣ ግን ጨው ነው። ስለዚህ ዝናብ ያጠራቅሙ ነበር። የአደባባዩ ንጣፍ ወደ ቀዳዳዎች ያዘቀዝቃል፤ ውሃው በአሸዋ ተጣርቶ ጉድጓዱ ውስጥ ይከማቻል። የቧንቧ ውሃ የመጣላቸው በ1884 ነው። እስከዚያ አደባባዩ በሙሉ ሮቶ ነበር ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣለት ሰው ይሄ ጥበብ ወዲያው ይገባዋል።

ጎንዶላ? አልተሳፈርኩም። ለግማሽ ሰዓት 90 ዩሮ! ታላቁን ቦይ ወዲያና ወዲህ የሚያሻግር ተራ ጎንዶላ አለ፣ በ2 ዩሮ። ቆማችሁ ትሻገራላችሁ፣ ሁለት ደቂቃ። በቂ ነው።

አሁን ወደ ሳን ማርኮ። እዚህ ነገሩ ወደ እኛ ይመጣል።

ባዚሊካው የወንጌላዊው ማርቆስ ነው፤ አፅሙ ከመንበሩ ሥር ነው። "መንበረ ማርቆስ" ስንል የምንጠራው ራሱ ማርቆስ! ጳጳስ ከእስክንድርያ እየመጣልን፣ የራሳችን ፓትርያርክ እስኪሾም፣ በእኛ አቆጣጠር እስከ 1951 ዓ.ም ድረስ የቆየነው በዚያ መንበር ሥር ነው። ታዲያ እስክንድርያ የነበረው አፅም እዚህ ምን ይሠራል? ተሰርቆ ነው። ትረካቸው እንዲህ ነው። በ828 ሁለት የቬኒስ ነጋዴዎች አፅሙን አውጥተው ዘንቢል ውስጥ ከተቱት። ከላይ የአሳማ ሥጋ ከመሩበት። የወደቡ ሙስሊም ፈታሾች ሲያዩ "ካንዚር! ካንዚር!" ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ዘንቢሉ መርከብ ላይ ወጣ። ይህን አይደብቁትም። በወርቃማ ሞዛይክ ግድግዳቸው ላይ ሥለውታል፤ ዘንቢሉም፣ አፍንጫውን የያዘው ፈታሽም አለ።

የጀርባ ቦርሳ ይዞ መግባት ስለማይቻል ቦርሳዬን አስቀምጬ ገባሁ። ስወጣ ለእማዬ ደወልኩ።

"የእኛ ማርቆስ?" አለች።

"አዎ እማዬ።"

"በአሳማ ሥጋ?"

"አዎ።"

ዝም አለች። በስመ አብ ስትል ሰማኋት። ከዚያ፣ "ሽንኩርት አጡ እንዴ?"

ፈታሾቹ እንዳይነኩት ነው ብዬ አስረዳኋት። "እሱስ ገብቶኛል" አለች። "እኛ ብንሆንም አንነካውም ነበር እኮ።"

ይሄ ሳስበው አሁንም ያስቀኛል። ሽንገላው ለእኛም ይሠራ ነበር። በነገራችን ላይ የአፅሙ ክፍል በ1968 ለግብፆች ተመልሷል። ካይሮ አዲሱ የማርቆስ ካቴድራል ሲመረቅ ጃንሆይም ተገኝተዋል። እማዬ ያንን ታስታውሳለች፤ "ጋዜጣ ላይ ነበር" አለችኝ።

"ተሳለምክልኝ?" ስትል ግን ምን ልበል? ሰው እየገፋኝ፣ ፊት ለፊቴ ስልክ ተደርድሮ፣ ራሴን ብቻ ዝቅ አድርጌ አለፍኩ። "ተሳልሜአለሁ" አልኳት።

ሦስተኛው ቀን ላይ እግሬ ደክሞ ኮሬር ሙዚየም ገባሁ፤ በእሱ በኩል ወደ ማርቺያና ቤተ መጻሕፍት ይኬዳል። እዚያ ፍራ ማውሮ የሚባል መነኩሴ በ1450 አካባቢ የሠራው የዓለም ካርታ አለ። ክብ ነው፣ ስፋቱ ሁለት ሜትር ገደማ ይሆናል። ሠሪው ያቺ የመቃብር ደሴት ገዳም በነበረችበት ዘመን ነው የኖረባት። የእኛን አገር እንዴት እንዳወቀ ካርታው ላይ ራሱ ጽፏል፤ የአገሩ ተወላጅ የሆኑ ሃይማኖተኞች አውራጃውን፣ ወንዙንና ተራራውን በእጃቸው ሥለው ሰጥተውታል። የእኛ ሰዎች ቬኒስን ቀድመው ያውቋታል፤ የዓፄ ዳዊት መልእክተኞች በ1402 ነብር ይዘው መጥተዋል። ሻንጣ አስቸግሮኝ ለነበርኩት እኔ፣ ነብር በእነዚያ ድልድዮች!

ካርታው ላይ አንገቴን አጣምሜ ፈለግኩ። አባይ አለ። አዋሽም አለ። እኔ መተሐራ ነው የተወለድኩት፤ አዋሽ ዳር ነው ያደግኩት። ጽሑፉን ሳየው ጉሮሮዬን የሆነ ነገር ያዘኝ። ፎቶ አንስቼ ለእማዬ ላክሁ።

ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ መለሰችልኝ። "ገልብጠህ ነው የላክኸው።"

አልገለበጥኩትም። መነኩሴው ደቡብን ከላይ አድርጎ ነው የሣለው፤ አፍሪካ አናት ላይ ናት። ይህንን ጻፍኩላት። አነበበችው፤ ሁለቱ ምልክቶች ሰማያዊ ሆኑ። ከዚያ ብዙ ቆይታ፣ "ታዲያ ትክክል ነው" አለችኝ።